አርጅተዋል ማለት ይፍረሱ ማለት አይደለም፦ ስለ ቸርችል ጎዳናና ስለ ፒያሳ ሕንፃዎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአዲስ አበባ ዋና ጎዳና ግራና ቀኝ ስለቆሙት የቆዩ ሕንፃዎች አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። የጽሑፉ ፍሬ ሐሳብ፣ ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል እስከ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳናና ከራስጌው ያለችው ፒያሳ ከአሮጌ ሕንፃዎቻቸው ቢላቀቁ ከተማዋ ታተርፍ እንደሆነ እንጂ አትከስርም የሚል ነው። ጸሐፊው ለዚህ የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦ ሕንፃዎቹ አርጅተው ለሰው አደጋ ሆነዋል፤ በአብዛኛው የጣሊያን ወረራ ቅሪቶች ናቸው፤ መንገዱን አጣብበዋል፤ ማደሻቸው ከአገር አቅም በላይ ነው፤ ለታሪክ ያህል ፎቶግራፍና ቅጂ ይበቃል፤ ይቆዩ ባዮቹም በሕንፃዎቹ ውስጥ ያለውን ኑሮ የማያውቁ ናቸው። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈና ብዙዎች በልባቸው የሚያስቡትን ያወጣ በመሆኑ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም፤ ስለዚህ ነጥቦቹን በተነሱበት ቅደም ተከተል እመለከታቸዋለሁ።

ስለ እርጅናው። በርካታ ሕንፃዎች ክፉኛ መጎዳታቸውን የሚክድ የለም፤ በክረምት በአንዳንዶቹ ሰገነት ሥር መጠለል የሚያሰጋ መሆኑም እውነት ነው። ጸሐፊው የተሳሳቱት ጉዳቱን የዕድሜ ውጤት አድርገው ማቅረባቸው ላይ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ግንባታ የተጠናቀቀው በ1903 ዓ.ም. ነው፤ በወረራው ዘመን በእሳት ተጎድቷል፤ ከነጻነት በኋላ ታድሶ ዛሬም እያገለገለ ይገኛል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ከፊሉ ቢወድምም እንግዳ መቀበሉን አላቆመም። ከእነዚህ በዕድሜ የሚያንሱ የፒያሳ ቤቶች ግን ጣራቸው ተቀዶ፣ ደረጃቸው ተነቃንቆ ይታያሉ። ሁለቱን የለያቸው ዕድሜ ሳይሆን ጠባቂ ማግኘትና ማጣት ነው።

ጠባቂ ያጡበትን ምክንያት ለማወቅ ወደ 1967 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ ከባለቤቶቻቸው የተወሰዱት ቤቶች በኪራያቸው መጠን ለሁለት ተከፈሉ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው በቀበሌ እጅ፣ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች እጅ ገባ። ኪራዩም እንዲቀንስ ተደረገ። እርምጃው በጊዜው ለብዙ ተከራይ እፎይታ እንደነበር አልክድም። ይሁን እንጂ ኪራዩ በነበረበት ቆሞ የቆርቆሮ፣ የጣውላና የባለሙያ ዋጋ ለአሥርት ዓመታት ሲያሻቅብ፣ ከአንድ ሙሉ ሕንፃ የሚሰበሰበው ገንዘብ የጣራውን አንድ ማዕዘን እንኳ የማያስጠግን ሆነ። ተከራዩ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ዋስትና የለውም፤ ልጠግን ቢልም ፈቃድ ማስፈቀድ አለበት፤ አከራዩ ደግሞ በጀት የለኝም ይላል። ለአንድ ቤተሰብ ታስቦ የተሠራው ፎቅ በኮምፐርሳቶ ተከፋፍሎ፣ ቆጥ ተሠርቶበት፣ በርካታ ቤተሰብ እንዲሸከም ተፈረደበት። ጸሐፊው ስለ እርጅና በጻፏቸው ረጃጅም አንቀጾች ውስጥ ይህን አዋጅ አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሳታቸው አስገርሞኛል።

አንድ የፒያሳ ቤት እንዴት እንደሚሞት በቅርብ የተመለከተ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። መጀመሪያ የሚሄደው አሸንዳው ነው። ዝገት ሲበሳው የጣራው ውሃ በሙሉ በአንድ ቦታ ግድግዳው ላይ መውረድ ይጀምራል። ግድግዳው በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ላዩ ላይ ግን ከጊዜ በኋላ እንዲጠነክር ተብሎ ሲሚንቶ ተለስኖበታል። ኖራ የጠጣውን ውሃ መልሶ ይተፋል፤ ሲሚንቶው ግን መውጫውን ስለሚዘጋበት እርጥበቱ እዚያው ታምቆ ማያያዣውን ያላላዋል፣ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የሰገነት ተሸካሚ እንጨት ጫፍም ያበሰብሰዋል። ከጥቂት ክረምቶች በኋላ ልስኑ በቁርጥራጭ ይረግፋል፤ ሰገነቱ ወደ መንገዱ ያዘነብላል፤ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ወለሉ ሲረግጡት እንደሚወዛወዝ ማውራት ይጀምራል። ያኔ ባለሙያ መጥቶ ለአደጋ የተጋለጠ ብሎ ይመዘግበዋል። መነሻው ግን በጥቂት ብር ሊቀየር ይችል የነበረ ቁራጭ ላሜራ ነበር።

ጸሐፊው በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተነሥቶ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማውን የመሬት መንቀጥቀጥ እንደ ማስረጃ ጠቅሰዋል። ስጋቱ ስጋት ነው፤ ሆኖም ንዝረቱ ሰዎችን በብዛት ያስደነገጠውና ወደ ውጭ ያስሮጠው በረጃጅም አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥም ስለነበር፣ መደረግ ያለበት ምርመራ አሮጌውን ብቻ የሚለይ ሊሆን አይችልም። የሕንፃ ጥንካሬ በምርመራ የሚታወቅ እንጂ በዕድሜ የሚገመት አይደለም። ምርመራ ተደርጎ ሊድን የማይችል ሕንፃ ከተገኘ ነዋሪዎቹን አውጥቶ ማፍረስ ግዴታ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልለያይም። የምቃወመው አንድ ሙሉ ሠፈር ያለ ምርመራ በጅምላ አደገኛ ተብሎ መፈረጁን ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ሕንፃዎቹ የወረራ ቅሪት ናቸው የሚለው አባባል በዓመተ ምሕረት ብቻ ውድቅ የሚሆን ነው። ጸሐፊው የለገሃርን ባቡር ጣቢያ ሳይቀር ከጣሊያን ሥራዎች ጋር ደርበው ቆጥረዋል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያሠራው የምድር ባቡሩ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። የጣሊያን ጦር ከተማዋን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ላይ መሆኑን ጸሐፊው ያጡታል ብዬ አላስብም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልም ከወረራው በፊት በሦስት አሥርት ዓመታት ግድም የሚቀድም ነው። የሕንዳዊው ነጋዴ የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት የምኒልክ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ ድርጅቱን በ1929 ዓ.ም. ከአገር ያስወጡት ራሳቸው ጣሊያኖቹ ነበሩ። የአራዳን የጥንት ቤቶች የሠሩት ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና አገሬው በአንድ ላይ ሆነው ነው፤ የተጠረበ ድንጋዩ፣ የተፈለፈለ የእንጨት ክፈፉና ዙሪያውን የሚከበው በረንዳ የዚያ ቅልቅል ውጤት ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል መሐንዲስ ሴባስቲያኖ ካስታኛ ጣሊያናዊ መሆኑን አውቃለሁ። ማዘጋጃ ቤቱንና የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚም እንዲሁ። ነገር ግን ካስታኛን ያሠሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ ሜዜዲሚን ያሠሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ጣሊያናዊ መሐንዲስ መቅጠርና በጣሊያን መወረር አንድ አይደሉም። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ይዞ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ በቸርችል ጎዳና ላይ ባይሆንም ጸሐፊው ስላነሡት ነው የጠቀስኩት። በጎዳናው ላይ ያለው የንግድ ባንክ ክብ ሕንፃ ደግሞ የፈረንሳዊው የአንሪ ሾሜ ሥራ ነው።

በእርግጥ ከወረራው ጋር የሚነካካ አንድ ትልቅ ሕንፃ በቸርችል ጎዳና ላይ አለ፤ እርሱም ብሔራዊ ትያትር ነው። ጣሊያኖች ማርኮኒ በሚል ስም ለሲኒማ ቤትነት ጀምረውት ሳይጨርሱት ቀሩ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ንድፍ ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ሆኖ ተመረቀ፤ ከፊቱም የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ቆመ። ከአብዮቱ ወዲህ ስሙ ተለውጦ፣ የአገሪቱ ተዋንያንና ሙዚቀኞች ከትውልድ ወደ ትውልድ መድረኩን ሲፈራረቁበት ኖረዋል። እንግዲህ ይህ ሕንፃ የማነው? በጸሐፊው መመዘኛ መሠረቱን የቆፈረው ሰው ባለቤት ሊሆን ነው፤ እኔ ግን ከሰባ ዓመት ያላነሰ የአማርኛ ትያትር የታየበትን ቤት ለማርኮኒ የማስረክብበት ምክንያት አይታየኝም።

ወራሪው ራሱ የጎዳናው ምልክቶች የማን እንደሆኑ ከጸሐፊው በተሻለ ያውቅ ነበር። ጣሊያኖች አዲስ አበባን ሲይዙ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጋር ተያይዞ በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት ከቦታው መንቀል ነበር። በለገሃር ፊት ለፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ነቅለው ሮም ድረስ ወሰዱት፤ የተመለሰውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የራሱ መታሰቢያ አድርጎ ቢቆጥራቸው ኖሮ ባልነቀላቸው ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፤ በእርግጥም በቅኝ ገዢ የተሠራ ከተማ እንኳ ቢሆን ጸሐፊው የሚሉት ፍርድ አይከተልም። የአስመራ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ያለ ጥርጥር በጣሊያን ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ኤርትራውያን ግን የራሳቸው ከተማ አድርገው ጠብቀዋቸው በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ አስመዝግበዋቸዋል።

ሦስተኛው ነጥብ የመንገዱ መጣበብ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ቸርችል ጎዳናንና ፒያሳን አንድ አድርገው ማየታቸው ክርክሩን አበላሽቶባቸዋል። ቸርችል ጎዳና ጠባብ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ፈረንሳዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ሉዊ ደ ማሪየን ባወጣው ፕላን፣ ማዘጋጃ ቤቱን ከለገሃር ጋር የሚያገናኘው ይህ መስመር የከተማዋ ዋና አከርካሪ ሆኖ ነበር የታሰበው፤ ሕንፃዎቹም ከመንገዱ ራቅ ብለው የተተከሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ከማዘጋጃ ቤት እስከ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ የእግረኛው መሄጃ ሰፋ፤ ብሔራዊ ትያትሩም፣ ፖስታ ቤቱም፣ ባንኩም ግን ባሉበት ናቸው። በዚያው በትያትሩ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አዲሱ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሲገነባም ትያትሩ ይፍረስ ያለ የለም። አዲሱና የቆየው ጎን ለጎን ሊቆሙ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ጸሐፊው ከየት እንደሚፈልጉ አላውቅም።

ጥበቱ እውነት የሚሆነው ፒያሳ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን መፍትሔው ማፍረስ ብቻ እንዳልሆነ የቀላል ባቡሩ ግንባታ አሳይቶናል። ሐዲዱ ምኒልክ አደባባይ ሲደርስ ከመሬት በታች እንዲገባ በመደረጉ የንጉሡ ሐውልት ሳይነካ፣ ካቴድራሉም ሳይደፈር ባቡሩ አለፈ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. በጊዜያዊነት ሲነሣ የተፈጠረውን የሕዝብ ድንጋጤ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሐውልት ተነሥቶ ሊመለስ ይችላል፤ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ግን እንዲህ አይሆንም፤ ስለዚህ ለሕንፃ የሚደረገው ጥንቃቄ ከሐውልቱ ይብስ መሆን ነበረበት። መኪና መንገዱ የግድ መስፋት ካለበትም የሕንፃውን ምድር ቤት ፊት ከፍቶ እግረኛውን በቅስቶቹ ሥር ማሳለፍና የእግረኛውን ቦታ ለመኪናው መስጠት ይቻላል። ይህን የሚያውቅ መሐንዲስ በከተማዋ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ይህን እንዲያጠና የሚያዘው ሰው ነው።

ስለ ወጪው ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ የአፍሪካ አዳራሽ ነው። እድሳቱ 57 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አዳራሹ ዳግም መከፈቱን ጠቅሰው፣ በዚህ ዋጋ ፒያሳን ማደስ የማይታሰብ ነው ይላሉ። ንጽጽሩ ሚዛን የለውም። የአፍሪካ አዳራሽ የአገር መሪዎች የሚሰበሰቡበት፣ የዘመኑን የትርጉምና የድምፅ መሣሪያ፣ የእሳትና የመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያ የጠየቀ፣ እያንዳንዱ የመስታወት ቁራጭ ተፈትቶ የታየበት ሥራ ነው። ባለ አንድ ፎቅ የፒያሳ ቤት የሚጠይቀው ጣራ፣ አሸንዳ፣ የሲሚንቶውን ልስን አራግፎ በኖራ መተካት፣ የበሰበሰውን እንጨት መቀየር፣ ኤሌክትሪክና ውሃ በአግባቡ ማስገባት ነው። ርካሽ ነው አልልም። ነገር ግን በአገሬው ድንጋይ፣ በአገሬው ኖራና በአገሬው እጅ የሚሠራ ሥራ ነው፤ መስታወትና አልሙኒየም ከውጭ በዶላር የሚያስመጣው አዲሱ ሕንፃ ከዚህ ጋር ተነጻጽሮ መታየት ይገባው ነበር።

የፎቶግራፉና የቅጂው ነገር ብዙ ቃል የሚፈልግ አይመስለኝም። ጸሐፊው በዚያው በቸርችል ጎዳና፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን የሴባስቶፖል ቅጂ እንደ አብነት ጠቅሰው፣ ሰው በቅጂው ረክቶ ይኖራል ብለዋል። ሰው በቅጂው የሚረካው ዋናው መድፍ መቅደላ ላይ ስላለ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ግን ከባድ ነው፤ ጸሐፊው ትክክለኛውን ቁስል ነክተዋል። በእነዚህ ቤቶች የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች መጸዳጃ ቤት በወረፋ ይጠቀማሉ፤ ወጥ ቤታቸው ኮሪደር ላይ ነው፤ ሕፃናት በቆጥ ላይ ይተኛሉ። የሕንፃውን ፊት ከመንገድ ማዶ ቆሞ የሚያደንቅ ሰው ይህን ችላ ብሎ ስለ ቅርስ ቢናገር ነዋሪው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ቅርስ ወዳድ ነን የምንል ሰዎች ስለ ቅስቱና ስለ ሰገነቱ እንጂ ስለ መጸዳጃ ቤቱ እምብዛም አንጽፍም። ነገር ግን ድህነቱን የፈጠረው ሕንፃው አይደለም፤ ሕንፃው ሲፈርስም ድህነቱ አብሮ አይፈርስም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ሰፊ የማፍረስ ሥራ ሲካሄድ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ከእነርሱ ውስጥ የራሱ መታጠቢያና ወጥ ቤት ያለው የተሻለ ቤት ያገኘ እንዳለ አልጠራጠርም። የወርቅ ሠሪው፣ የልብስ ሰፊውና የጉሊት ነጋዴዋ መተዳደሪያ ግን ቤቱ ብቻ ሳይሆን ቦታውም ነበር፤ ደንበኛው ፒያሳ ይመጣል እንጂ ዳርቻ ድረስ አይከተላቸውም። የተጨናነቀውን ሕንፃ ማቅለል፣ ለቀሪዎቹ በጓሮው በኩል መጸዳጃና ወጥ ቤት ማሠራት፣ መንገድ ዳር ያለውን ክፍል በተገቢ ኪራይ ለንግድ አውሎ ገቢውን ለጥገና መመደብ የሚሉት አማራጮች በጽሑፉ ውስጥ አንዳቸውም አልተነሡም።

ጸሐፊው በማሳረጊያቸው ላይ ጥቂት የተመረጡ ሕንፃዎች ይትረፉ ብለው ፈቅደዋል። ማን ይምረጣቸው፣ በምንስ ይመዘኑ ለሚለው ግን መልስ የለም፤ እንዲያውም ጉዳዩ የከተማ አስተዳደሩ ብቻ እንደሆነ አድርገው አልፈውታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ቅርስን ማደስም ሆነ ከቦታው ማንሣት በቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ የሚከናወን መሆኑን ይደነግጋል። በአንጻሩ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ ንብረት ካሳ የሚወሰንበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት የሚያደርገው ንብረቱን ለመተካት የሚያስፈልገውን ዋጋ ነው፤ ድንጋዩ፣ እንጨቱና ቆርቆሮው ይቆጠራል፣ ቤቱ በከተማዋ ታሪክ ያለው ስፍራ ግን በሒሳቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ የቅርስነቱ ጥያቄ ካሳ ገማቹ ከመምጣቱ በፊት ካልተመለሰ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። ጸሐፊው ይትረፉ የሚሏቸውን ሕንፃዎች በስም ይዘርዝሩልን፤ ይፍረሱ ለሚሏቸውም በእያንዳንዱ ላይ የተደረገው የጥንካሬ ምርመራና ተለክቶ የተነሣው ንድፍ ግሬደር ከመግባቱ በፊት ለሕዝብ ይቅረብ።